እግሬ ሲመለስ

መጀመሪያ የተመለሰልኝ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ነው። አንሶላው ሥር ትንሽ ከፍ ሲል አየሁት። ደግሜ ሞከርኩ። አዎ፣ እኔው ነኝ ያንቀሳቀስኩት። ለሦስት ሰዓት ያህል የሌላ ሰው እግር ይመስል አጠገቤ ተጋድሞ የቆየው እግሬ መታዘዝ ጀመረ። ደስ አለኝ። ነርሷን ጠራኋትና "ጣቴ ተንቀሳቀሰ" አልኳት።

"ጎሽ! ሕመምስ አለዎት?"

"ኧረ ምንም የለም እህቴ።"

"ሕመም የለም" ብላ ቻርቱ ላይ ጻፈችና ወደ ሌላ ታካሚ ሄደች።

በሃያ ደቂቃ ውስጥ ቀኝ ብሽሽቴ ላይ የጋለ ነገር የተጫነብኝ መሰለኝ። መጀመሪያ ሞቅ አለኝ። ከዚያ አቃጠለኝ። ከዚያ ትንፋሽ በሳብኩ ቁጥር የተሰፋው ቦታ እየተጎተተ የሚቀደድ መሰለኝ። ሳል መጣብኝና በሁለት እጄ ትራስ ይዤ ብሽሽቴን ደገፍኩት። ነርሷን ድጋሚ ስጠራ ድምፄ ሌላ ሆኖ ነበር። መድኃኒቱ እስኪፈለግ፣ እስኪቀዳ፣ እስኪሰጠኝ፣ ከዚያም እስኪሠራ ሌላ አርባ ደቂቃ አለፈ። ያቺን አንድ ሰዓት አልረሳትም።

እኔ የሰመመን ባለሙያ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ወገብ ላይ መርፌ ስወጋ ኖሬያለሁ። ለሄርኒያ የሚመጣውን ሰው ሁሉ "ከወገብዎ በታች ይደነዝዛል፣ ምንም አያምዎትም" እለዋለሁ። ያልኩት ውሸት አይደለም። ግን የማወራው ስለ ኦፕራሲዮኑ ብቻ ነበር። እግር ሲመለስ ስለሚመጣው ሰዓት አላወራም ነበር። ያ ሰዓት ደግሞ የሚወሰነው ገና ሲሪንጁ ውስጥ መድኃኒቱ ሲቀዳ ነው። ይህን በመጽሐፍ አውቀው ነበር። በሰውነቴ ያወቅኩት ግን አልጋው ላይ ተኝቼ ነው።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሄርኒያ፣ ብዙ ሰው ቡአ የሚለው፣ እኔ ላይ ያስታወቀው ሳስል ነው። ብሽሽቴ ላይ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል እብጠት ብቅ ትላለች፣ ስተኛ ትገባለች። የሆድ ግድግዳ አንድ ቦታ ላይ ሲሳሳ ስብ ወይም አንጀት በዚያ በኩል ሾልኮ ይወጣል። ሐኪሙ የወጣውን መልሶ ያስገባና የሳሳውን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ በመረብ ይደግፈዋል። ይኸው ነው። አዘገየሁት፣ ማዘግየቴ ግን ጥሩ አልነበረም። ወጥቶ አልመለስ ካለ፣ ካመመ፣ ካስመለሰ ድንገተኛ ይሆናል፤ ያኔ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም።

ማደንዘዣውን በተመለከተ ሦስት መንገድ ነበረኝ። ቁስሉ ዙሪያ ብቻ የሚወጋ አለ፤ ልምድ ያለው ሐኪም ከተገኘ ለተለመደው ክፍት ኦፕራሲዮን በጣም ጥሩ ነው፣ ዓለም አቀፍ መመሪያዎችም ይደግፉታል። ሙሉ ሰመመን አለ፤ በካሜራ ለሚሠራው ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው። ስፓይናል አለ፤ ወገብ ላይ ተወግቶ ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው። እኔ ስፓይናልን መረጥኩ። ሳንባዬ ላይ ሳል ስለነበረብኝ ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ እንዲገባ አልፈለግኩም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ለሺህ ሰው የሰጠሁትን ነገር እኔም መቅመስ አለብኝ የሚል ስሜት ነበረኝ።

የወጋችኝ ከእኔ ጋር የተማረች ጓደኛዬ ናት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፣ እግሬን በርጩማ ላይ አሳረፍኩ፣ ትራስ አቀፍኩ። "አገጭህን ደረትህ ላይ አድርግ፤ ወገብህን ወደ እኔ ግፋው" አለችኝ። እኔም ለሰው የምለው ይህንኑ ነው። ከዚህኛው ወገን ሲሰማ ግን ሌላ ነው። ጀርባህ ራቁቱን ነው፣ ከኋላህ ምን እየተዘጋጀ እንደሆነ አታይም፣ የምትሰማው የፕላስቲክ መቀደድና የብረት ሳህን ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱን እርምጃ ከማድረጌ በፊት ጮክ ብዬ እናገራለሁ። "አሁን የሚቀዘቅዝ ነገር እቀባለሁ። አሁን እጄ ነው። አሁን ትንሽ ትነድፋለች።" ቀላል ነገር ነው፣ ግን ትከሻ ሲላላ ይታያል።

በሁለቱም በኩል የዳሌዬን አጥንት ጫፍ ዳሰሰች። ከአንዱ ወደ ሌላው መስመር ቢሰመር አራተኛውን የወገብ አጥንት አካባቢ ይነካል። ይህች መስመር ትልቅ ነገር ናት። በአዋቂ ሰው ላይ ህብለ ሰረሰር የሚያበቃው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል። እዚያ ያሉት እንደ ፈረስ ጭራ የተበተኑ፣ በፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፉ ነርቮች ናቸው። መርፌ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ዞር ይላሉ። "ሽባ ያደርገኛል ወይ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ማንም ሊቆጣው አይገባም። ከባድ የነርቭ ጉዳት አለ፣ ግን እጅግ ጥቂት ነው። ያንን ለመከላከል ነው ቦታው እንዲህ ተለክቶ የሚመረጠው፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ደጋግመን የምንጠይቀውም ለዚሁ ነው። በመርፌው ጊዜ ወደ አንድ እግር እንደ ኤሌክትሪክ ከነዘረህ ዝም አትበል፣ ተናገር። መርፌው ይስተካከላል።

የቆዳ ማደንዘዣዋ እንደ ንብ ነደፈችኝ፣ አሥር ሴኮንድ ያህል። ከዚያ ግፊት ብቻ ነበር። መርፌው የጀርባውን ጅማቶች ሲያልፍ ይከብዳል፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ሽፋን ሲበሳ ድንገት ይለቃል፤ ጣት ላይ "ጠቅ" ሲል ይታወቃል። እጄ ያቺን "ጠቅ" በሺህ ጊዜ ያውቃታል። ጀርባዬ ግን አላወቃትም። ግፊቱን እንጂ ሌላ ምንም አልሰማሁም። "መጣ" አለች። እንደ ውሃ የጠራው ፈሳሽ በመርፌው ጫፍ ጠብ ማለቱ ነው።

ከዚያ ሙቀት መጣ። መጀመሪያ መቀመጫዬ፣ ከዚያ ጭኔ፣ ከዚያ እግሬ፣ ካልሲ እያጠለቁልኝ ያለ ይመስል። ስንቱ ታካሚ "እግሬ ሞቀ" ሲለኝ "ጥሩ ነው" ብዬ አልፌዋለሁ። ሙቀቱ የሚመጣው የደም ሥሮች ስለሚከፈቱ ነው። ለዚህ ነው የደም ግፊትም የሚወርደው። የእኔም ወረደ፣ አቅለሸለሸኝ። "ትንሽ አቅለሸለሸኝ" ስላት የደም ግፊት የሚያነሳውን ኤፌድሪን ሰጠችኝ፣ ወዲያው አለፈ። በበረዶ እየነካካች "ይቀዘቅዛል?" ስትለኝ ከእምብርቴ በላይ እስክትደርስ ድረስ መነካቱን እንጂ ቅዝቃዜውን አላውቀውም ነበር። ለብሽሽት ቢያንስ እምብርት ድረስ መድረስ አለበት። ከዚያ ከፍ ቢል ይሻላል፣ ምክንያቱም ሐኪሙ የሆድ ዕቃውን ሽፋን ሲጎትት ስሜቱ የሚሄደው ላይ ካሉት ነርቮች ጋር ነው። አንዴ ሲጎትተው ሆዴ ውስጥ አንድ የማይመች ነገር ተሰማኝ። ሕመም አልነበረም። ግን ታካሚ "ሆዴን ያዘኝ" ሲለኝ ምን ማለቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

አሁን ወደ ሲሪንጁ እንምጣ፤ የነገሩ እምብርት እዚያ ነው።

ዋናው መድኃኒት ቡፒቫኬይን ነው። ለስፓይናል በብዛት የምንጠቀመው 0.5 በመቶውን፣ ግሉኮስ የተጨመረበትንና "ከባዱ" የምንለውን ነው። ከባድ የተባለው በአከርካሪያችን ውስጥ ካለው ፈሳሽ ስለሚከብድ ነው፤ ማር ውሃ ውስጥ እንደሚሰምጠው ወደ ታች ይሄዳል። አልጋውን ጭንቅላት ወዳለበት ትንሽ ስታዘነብለው ወደ ደረት ይወጣል፣ ቀና ስታደርገው ይቆማል። ሰውን በጎኑ አስተኝተህ ሰጥተህ ጥቂት ደቂቃ ብታቆየው ደግሞ ወደ አንዱ ወገን ያደላል። ለአንድ ወገን ሄርኒያ ይህ መልካም ዘዴ ነው፤ በትንሽ መጠን ይበቃል፣ የደም ግፊቱም ብዙ አይወርድም። እኔ የተሰጠኝ 2.5 ሚሊ ሊትር ነው፣ 12.5 ሚሊ ግራም ማለት ነው።

ቡፒቫኬይን ብቻውን ግን ለኦፕራሲዮኑ እንጂ ለማታው አይበቃም። ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ይለቃል። ስለዚህ ከእሱ ጋር ሌላ ነገር ይጨመራል። እዚህ ላይ ነው ባለሙያ ከባለሙያ የሚለየው።

ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ፈንታኒል የሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ነው፣ ከ10 እስከ 25 ማይክሮ ግራም። ፈንታኒል ስብ ይወዳል። ስለዚህ ከፈሳሹ ወጥቶ ወደ ነርቩ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎም ይለቃል። ማደንዘዣውን ያጠናክረዋል፣ ያ የሆድ ውስጥ መጎተት እንዲቀል ያደርጋል፣ ቁስሉ ላይ ደግሞ ጥቂት ሰዓት ይጨምራል። እግር ላይ ያለውን ድንዛዜ ግን እምብዛም አያስረዝምም። በዚሁ ቀን ወደ ቤቱ ለሚሄድ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሞርፊን ሌላ ጠባይ አለው። ውሃ ይወዳል። ከፈሳሹ ለመውጣት አይቸኩልም። ቀስ እያለ ይሠራል፣ ቀስ እያለም ወደ ላይ ይሄዳል። ከ100 እስከ 200 ማይክሮ ግራም ብቻ፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ግራም አሥረኛ ወይም አምስተኛ፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሕመምን ሊያስታግስ ይችላል። ሞርፊን በሰው አከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ተሰጥቶ ሕመም ማስታገሱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፣ በካንሰር ሕመም የሚሠቃዩ ሰዎች ላይ። ይህን ስማር ጠብታ በማታህል መድኃኒት ሌሊቱን ሙሉ ሰው መተኛቱ ተአምር ሆኖብኝ ነበር። አሁንም እንደዚያው ነው የማየው።

ግን ዋጋ ያስከፍላል። ያሳክካል፣ በተለይ አፍንጫንና ፊትን። ያቅለሸልሻል። ሽንት ይይዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ፣ ሰው ሁሉ "አለፈ" ብሎ በተዘናጋበት ሰዓት፣ ትንፋሽን ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ ሞርፊን የተሰጠው ሰው ሌሊቱን ትንፋሹን የሚቆጥርለት፣ ሲጠራው መንቃቱን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። አዛውንት ከሆነ፣ የሚያንኮራፋና በእንቅልፍ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ ደግሞ የበለጠ። የሚቆጥር ሰው በሌለበት ክፍል ሞርፊን አልሰጥም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ተራ የአንድ ወገን ብሽሽት ሄርኒያ ከሆነና ሰውዬው ዛሬውኑ ቤቱ የሚገባ ከሆነ ሞርፊን ይበዛበታል። ፈንታኒል በቂ ነው፣ የቀረውን በሌላ መንገድ መሙላት ይቻላል። በቀድሞ ቀዶ ጥገና ጠባሳ ላይ የወጣ፣ ሆዱ መሐል ለመሐል የሚከፈትለት፣ ሆስፒታል የሚያድር ታካሚ ከሆነ ግን 100 ማይክሮ ግራም ሞርፊን ሌሊቱን ያተርፍለታል። ክሎኒዲንና ዴክስሜዴቶሚዲን የሚጨምሩም አሉ፤ ድንዛዜውን ያስረዝማሉ፣ የደም ግፊትና የልብ ምት ግን ያወርዳሉ፣ እግርም ቶሎ አይመለስም። ለሄርኒያ እኔ አልጠቀምባቸውም።

እኔ የተሰጠኝ ፈንታኒል ነው፣ 20 ማይክሮ ግራም። ምርጫው ትክክል ነበር። የጎደለው "የቀረውን በሌላ መንገድ መሙላት" ያልኩት ነው።

ትእዛዙ ላይ "ሕመም ካለ ፓራሲታሞል ይሰጥ" ተብሎ ነበር የተጻፈው። "ካለ" የምትለዋ ቃል ናት ያሰቃየችኝ። ደንዝዤ ስለነበር አልነበረም። "የለም" አልኩ፣ የለም ተብሎ ተጻፈ። ሁሉም ሰው ሥራውን ሠርቷል፣ ነርሷም እንደታዘዘችው አድርጋለች። እኔ ራሴ ስንት ቻርት ላይ "ካለ" ብዬ ጽፌያለሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ታካሚ ለምትሆኑም ታካሚ ለምትጠብቁም። ስፓይናል የሚለቀው ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ የላይኛው ሆድ ይመለሳል፣ ከዚያ እምብርት፣ ከዚያ ብሽሽት፣ የእግር መዳፍና መቀመጫ መጨረሻ ላይ። ስለዚህ እግርህ ገና እንደ ግንድ ከብዶህ እያለ ቁስልህ ሊነቃ ይችላል። ሰው ግን እግሩን ነው የሚጠብቀው። "እግሬ እስኪመለስ ገና ጊዜ አለኝ" ይላል። እኔም ሙያው የእኔ ሆኖ ሳለ ጣቴን ስጠብቅ ነበር። ጣቴ ከመንቀሳቀሷ በፊት ቁስሉ አካባቢ ሞቅ ያለ መጎተት ተሰምቶኝ ነበር። ፕላስተሩ ነው ብዬ አለፍኩት። እሱ ነበር ምልክቱ።

ፓራሲታሞል በአፍ ከተወሰደ ለመሥራት ግማሽ ሰዓትም ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ስትሰጠው ከኋላ ሆነህ ታሳድደዋለህ። ስለዚህ መድኃኒቱ ቀድሞ ገብቶ ቁጭ ማለት አለበት። አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ለአዋቂ ሰው 1 ግራም ፓራሲታሞል ከኦፕራሲዮኑ በፊት ወይም መሐል ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ በየስድስት ሰዓቱ ይቀጥላል፣ ሕመም ኖረም አልኖረም፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ። ጨጓራውና ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ይጨመርበታል። ሁለቱ አብረው ሲሆኑ እያንዳንዱ ብቻውን ከሚሠራው የተሻለ ይሠራሉ። ሐኪሙ ከመስፋቱ በፊት ቁስሉ ውስጥ ቡፒቫኬይን እንዲወጋልኝ እለምናለሁ፤ ልመና የምለው የሚቸኩሉ ስላሉ ነው። አልትራሳውንድ ካለ ደግሞ በዳሌው አጥንት ጫፍ በኩል ወደ ብሽሽት የሚሄዱትን ሁለት ነርቮች ፈልጌ ዙሪያቸውን አደነዝዛለሁ። ስክሪኑ ላይ በሁለት ጡንቻ መካከል ትንንሽ ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ይታያሉ። መድኃኒቱ ሲገባ ጡንቻዎቹ እንደ መጽሐፍ ገጽ ይላቀቃሉ። ማየቱ ራሱ ደስ ይላል። ያ መርፌ ስፓይናሉ ሲለቅ ይረከባል፣ እስከ ማታ ያደርሳል።

ለዚህ ሁሉ የምደክመው ለአንድ ሰዓት ምቾት ብቻ ብዬ አይደለም። የሚያመው ሰው አይነሳም፣ አይራመድም፣ በደንብ አያስልም። ከሄርኒያ በኋላ ከሦስት ወር በላይ የሚቆይ የብሽሽት ሕመም የሚይዛቸው ሰዎች አሉ፤ መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ በጣም ያመማቸው ለዚህ የተጋለጡ ናቸው። የመጀመሪያውን ቀን ሕመም እንደ ቀላል ነገር ማየት ትልቅ ስህተት ነው።

ስለ ሽንት ደግሞ ማንም አይናገርም፣ ስለዚህ እኔ ልናገር። ከሰዓት በኋላ ፊኛዬ ሞልቶ ሽንቴ እምቢ አለ። ስፓይናል የፊኛን ነርቮች ያደነዝዛል፣ እነሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ከሚመለሱት ውስጥ ናቸው። ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር ከተሰጠህ፣ ዕድሜህ ከገፋ፣ ፕሮስቴትህ ካበጠ ይብሳል። እኔ ቆሜ ስሞክር፣ የቧንቧ ውሃ ከፍቼ ስጠብቅ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጣልኝ። ያልወጣለት ሰው ለጊዜው ካቴተር፣ ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ይገባለታል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳዝነኝ አፍሮ ዝም ብሎ ፊኛው እስኪለጠጥ የሚቆይ ሰው ነው። ብዙ አባቶች እንዲህ ያደርጋሉ። "አባባ፣ ሸኑ ወይ?" ብሎ በግልጽ መጠየቅ ነው።

ከስፓይናል በኋላ የሚመጣውን ራስ ምታት ብዙ ሰው ይፈራዋል። እዚህ ላይ አንድ የድሮ ታሪክ አለ፣ በጣም የምወደው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1898 ጀርመን አገር፣ ኪል ከተማ፣ አውጉስት ቢር የሚባል ቀዶ ሐኪም በኮኬይን ስፓይናል መስጠት ጀመረ። ታካሚዎቹ ደነዘዙለት፣ በኋላ ግን ራሳቸውን አመማቸው፣ አስመለሳቸው። ምክንያቱን ለማወቅ በራሱ ላይ ለመሞከር ወሰነ። ረዳቱ አውጉስት ሂልደብራንት ወገቡን ወጋው። ሲሪንጁ ግን ከመርፌው ጋር አልገጠመም። መድኃኒቱ ፈሰሰ፣ ከቢር አከርካሪም ብዙ ፈሳሽ ወጣ። ያኔ ሂልደብራንት "እኔ ልሞከር" አለ። ቢር ወጋው። በ23ኛው ደቂቃ የቅልጥሙን አጥንት በብረት መዶሻ መታው፣ አላመመውም። የሚነድ ሲጋር አስነካው፣ አላመመውም። ሁለቱም በማግስቱ ታመሙ። ቢር ቀና ሲል ራሱን ያመዋል፣ ሲተኛ ይተወዋል፤ እስኪለቀው ዘጠኝ ቀን ቆየ። ፈሳሹ በመፍሰሱ ነው ብሎ ገመተ፣ ግምቱም ልክ ነበር።

ያ ራስ ምታት ዛሬም ያው ነው። ስትቀመጥ ይመጣል፣ ስትተኛ ይሄዳል። ልዩነቱ መርፌው ነው። ዛሬ 25 ወይም 27 ቁጥር የሆነ፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር የሚቀጥን፣ ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ መርፌ አለ። ቀዳዳው ከጎኑ ነው። ሽፋኑን ከመቁረጥ ይልቅ ክሮቹን ገለል አድርጎ ይገባል፣ ሲወጣ ክሮቹ ይገጥማሉ። በዚህ መርፌ ራስ ምታቱ በጣም ቀንሷል። ከመጣ ፓራሲታሞል፣ በቂ ፈሳሽና ካፌይን ይረዳሉ። ካልተወ ደግሞ ከራስህ ክንድ የተቀዳ ደም ሽፋኑ አጠገብ ይወጋልሃል፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ብዙ ሰው ከአልጋው ሳይነሳ ይሻለዋል። ስለዚህ ከስፓይናል በኋላ በቀናት ውስጥ እንዲህ ያለ ራስ ምታት ከመጣ ቤት ተኝቶ መቻል አያስፈልግም። መደወል ነው። ትኩሳት ካለው፣ አንገት ከደረቀ፣ እግር ከተመለሰ በኋላ እንደገና ከደከመ ደግሞ ሳይውል ሳያድር መሄድ ነው።

እኔን ራስ ምታት አልነካኝም። ወገቤ ላይ የተወጋሁበት ቦታ ሁለት ቀን ሲጫን አመመኝ፣ ሄደ። ብሽሽቴ ሳምንት ያህል ሲያስለኝና ከአልጋ ስነሳ ይጎትተኝ ነበር። በጎን ተንከባልሎ፣ በክንድ ተገፍቶ መነሳት ነው ዘዴው።

ወደ ሥራ በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት አንድ አባት ለሄርኒያ መጡ። ዕድሜያቸው ከሰባ አልፏል፣ እግራቸው ቀጭን፣ ጀርባቸው የጎበጠ። ወገባቸውን ስዳስስ ምን እንደማደርግ እየነገርኳቸው ሄድኩ። ፓራሲታሞሉ ቀድሞ ገብቷል። ቁስሉ ውስጥ ተወግቷል፣ የጎን ነርቮቹንም አደንዝዣለሁ። ቻርቱ ላይ "ካለ" የሚል ቃል የለም፣ ሰዓት ነው የተጻፈው። ሪከቨሪ ክፍል አጠገባቸው ተቀምጬ "አባባ፣ እግርዎን አይጠብቁ። ብሽሽትዎ ላይ ሙቀትም ቢሆን፣ መጎተትም ቢሆን፣ ትንሽ ነገር ሲሰማዎት ይንገሩኝ" አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንሶላውን ገልጠው እግራቸውን እያዩ ነበር።

"ይኸውልህ ልጄ" አሉኝ፣ "ትንሿ ጣት ቀርታ ሁሉም መጥተዋል።"

"ብሽሽትዎስ?"

እጃቸውን ፕላስተሩ ላይ ቀስ አድርገው አሳረፉ። አሰብ አደረጉ።

"እሱ እንኳ ተኝቷል" አሉ።